ሽማግሌው ባለ ሦስት ቀንድ

የእህቴ ባል ቶኩጂ ከብት አርቢ ነው ብል ሺዙኦካ ከተማችን ውስጥ የሚያውቀን ሁሉ ይስቃል። ሰፈራችን እንኳን ከብት ብስክሌትም በቅጡ አያሳልፍም። እህቴ ናትሱዮ ግን ሌላ ስም ሰጥታቸው አታውቅም። "አንተ ሰውዬ፣ ከብቶችህን ከገበታው ላይ አንሳልኝ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ!" ትለዋለች፤ እሱም እሺ ብሎ አንድ በአንድ ያነሳቸዋል። ባለ አንድ ቀንዱን፣ ባለ ሦስት ቀንዱን፣ አንገታቸው ላይ ጋሻ የሚመስል አጥንት የደፉትን የቅጠል በል ዳይኖሰር ሞዴሎች ሁሉ። ከእውነተኛው አውሬ ሠላሳ አምስት እጅ ያነሱ ናቸው፤ ትልቁ ከስንዝር ብዙም አያልፍም።

እኔ ሺማ ነኝ፣ የናትሱዮ ታናሽ። ቶኩጂ ይቀርጻል፣ እኔ ቀለም እቀባለሁ። ሰብሳቢዎቹ የሚገዙት በሳጥን የተቀመጠ ነጭ ቁርጥራጭ ነው፤ ቤታቸው ወስደው ራሳቸው ይገጣጥሙታል፣ ራሳቸው ይቀቡታል። ገበያ ላይ ግን ተገጣጥሞና ተቀብቶ የሚቆም አንድ ናሙና አለ፤ እሱ የእኔ ሥራ ነው። ምላሷ መርፌ ነው ይሉኛል። ይበሉ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ቶኩጂን ፊት ለፊቱ ስነቅፈው ኖሬያለሁ፤ እሱም "ወይ አንቺ ጊንጥ!" እያለ ያርማል እንጂ ተቀይሞኝ አያውቅም።

በወጣትነቱ ሞዴል ፋብሪካ ተቀጥሮ የታንክና የጦር መርከብ ዋና ቅርጽ ከእንጨት ይጠርብ ነበር። ደመወዙ ጥሩ፣ አለቆቹም የሚያከብሩት፤ ምን ጎደለው? አንድ የጸደይ ቀን ግን ብድግ ብሎ ሥራውን ለቀቀ። አለቃው "ታንክ የጠረበ እጅ ከብት ሊጠብቅ ነው?" ብሎ ሲሳለቅበት ምን ቢለው ጥሩ ነው? "ታንኩን የሠሩት ሰዎች ንድፉን ትተውልናል፣ የእኔ ሥራ መገልበጥ ብቻ ነው። እነዚህን ግን በዓይኑ ያየ ሰው የለም። አጥንታቸው ነው የቀረው። ሥጋ የሚያለብሳቸው ሰው ይፈልጋሉ።" ናትሱዮ ይህን ስትሰማ "እኛንስ ማን ሥጋ ያለብሰናል? አጥንታችን ሊወጣ ነው" አለችው። አልተሳሳተችም። ብዙ ዓመት በሩዝና በደረቅ ዓሣ ኖረዋል።

ቀስ በቀስ ግን ሰብሳቢዎች አወቁት። ሰብሳቢ ስላችሁ ደግሞ ልጅ እንዳይመስላችሁ፤ ባንክ ቤት የሚሠሩ፣ የጥርስ ሐኪም የሆኑ፣ የልጅ ልጅ ያዩ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ምሕረት የሚባል ነገር ግን አልፈጠረባቸውም። አንዴ አንድ ሰው ከሆካይዶ ድረስ አውሮፕላን ተሳፍሮ መጣና "መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የፊት እግሩ ላይ ሰኮና ያላቸው ጣቶች ሦስት ብቻ መሆን ነበረባቸው፣ እርስዎ አራት አድርገውታል" ብሎት በዚያው ቀን ተመለሰ። ናትሱዮ "እብድ!" ስትል ቶኩጂ ግን እንደ ሙሽራ ሲፈነድቅ ዋለ። "ከብቴን ጣት በጣት አይቶልኛል፣ ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ?" አለኝ። እግሩን እንደገና ቀርጾ ለገዛው ሰው ሁሉ በራሱ ወጪ ላከ።

ዓይኑ መታመሙን ያወቅነው በምሰሶው ነው። ከተወለደ ጀምሮ የሚያውቀውን የሳሎን ምሰሶ በግንባሩ ገጨው። "ምን ሆነህ ነው?" ስንለው "እኔ ምን ሆንኩ፣ እሱ ነው የመጣብኝ" ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ሌላ ቀን ሻይ ሲቀዳ ከስኒው አጠገብ ገበታው ላይ አንቆረቆረው። ያኔ ማንም አልሳቀም። ናትሱዮ እጁን ይዛ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ግላኮማ ነው ተባለ። ከዳር ከዳር እያጨለመ ወደ መሐል የሚመጣ በሽታ ነው። የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታውም የቀረውን ለጥቂት ጊዜ ቢያቆየው ነው። ለካ እሱ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ዓለምን በገለባ ቀዳዳ እያየ ዝም ብሎናል። እህቴ ከሐኪሙ ክፍል እንደወጣች እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እሱ ደግሞ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ አጠገቧ ቆመ።

"አንድ ልሥራ" አላት።

"ምን?"

"አንድ ብቻ። ከዚያ ይጨልም።"

"ቤቱ ሞልቶ የለም እንዴ! እንቅልፍ የምተኛበት ቦታ እንኳ አጥቻለሁ፣ ደግሞ አንድ?"

"እነዚያ ሁሉም ጎረምሶች ናቸው፣ ናትሱዮ። ያረጀ ሠርቼ አላውቅም።"

ባለ ሦስት ቀንዱ፣ ትራይሴራቶፕስ የሚሉት፣ ልጅ ሳለ የግንባሩ ቀንዶች ወደ ኋላ ይቆለመማሉ፤ ሲያረጅ ወደ ፊት ያጎነብሳሉ። ቶኩጂ የፈለገው ቀንዱ ወደ ፊት ያጎነበሰ፣ ጋሻው በድሮ ጠብ የተበሳ፣ ከተኛበት ሊነሳ የሚታገል ሽማግሌ ነው። አንዱ እግሩ ቆሟል፣ ሌሎቹ ገና ናቸው። ይነሳል ወይስ አይነሳም? ያየው ሰው ሁሉ ልቡ እንዲንጠለጠል ነበር ሐሳቡ። ያረጀች ላም እንዴት እንደምትነሳ ለማየት ብሎ ከተራራው ግርጌ ወዳለ የወተት ላሞች እርባታ በአውቶቡስ ይመላለስ ጀመር። "ከብት አርቢ ስንልህ እውነት መሰለህ እንዴ?" ትለው ነበር ናትሱዮ፣ ጫማውን እበት በእበት አድርጎ ሲመለስ። ግን ጫማውን ራሷ ታጥበዋለች፤ በማግሥቱም ምሳውን ጠቅልላ ትሰጠዋለች።

የብርዱን ወራት ሙሉ ከጠረጴዛው አልተነሳም። በማጉያ መነጽር ሥር ጭቃው ላይ ቅርፊቱን አንድ በአንድ በመርፌ ይጫናል። ሲቀርብ አንድ ቅርፊት ብቻ ነው የሚያየው፤ መላውን አውሬ ለማየት ተነስቶ እስከ ግድግዳው ድረስ መሸሽ አለበት። ይሸሻል፣ ያያል፣ ይመለሳል፣ ይነካል። ደግሞ ይሸሻል። ምንጣፉ ላይ መንገድ አወጣበት። ተመልክቼው ወጥቼ ቤቴ ስገባ ብሩሽ ማንሳት እንኳ ያቅተኛል።

የፕሪም አበባ በወጣ ሰሞን አስጠራኝ።

"ሺማ፣ ነይ ስደቢኝ።"

ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ከጭራው ጀምሬ ስህተት ፈለግሁ። ጭራው ደህና፣ የጎኑ ቆዳ ደህና፣ ክብደቱን የተሸከመው እግር ደህና። ፊቱ ላይ ስደርስ ፍለጋውን ተውኩት። ከቀንዱ ሥር ያለችው ዓይኑ እኔን አታይም፤ መሬቱን ነው የምታየው፤ ስንቴ ሞክሮ እንደወደቀ የምታውቅ ዓይን ናት። እጄን ልኬ ብብቱን ይዤ ላነሳው ቃጣኝ፤ እውነቴን ነው። በዕድሜዬ የቀባሁት ሞዴል ቁጥር ስፍር የለውም፣ እንደዚያ ያደረገኝ ግን አንድም የለም።

"ታዲያ ስድቡ የት አለ?" አለኝ።

"የምሰድበው አጣሁ፣ ወንድም ጋሼ።"

"ልታስደስችኝ ብለሽ እንዳይሆን።"

"እኔ? አንተን ለማስደሰት? እጄ ይቆረጥ!"

ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ከሐኪም ቤት ወዲህ አላየሁትም ነበር። ናትሱዮ በሩ ላይ ቆማ ስታየን ቆየችና "በሉ ከብቱ ከተነሳ እኛም ምሳ እንብላ" ብላን ሄደች።

ሆኖም ያ የጭቃ አውሬ ገና ምንም አልነበረም። በላዩ ፈሳሽ ጎማ ይፈስበታል፤ ጎማው ሲደርቅ ተከፍቶ ጭቃው ይወጣል፤ የቀረው ፎርማ ውስጥ ነው ለሰብሳቢዎቹ የሚሸጠው ሬዚን፣ ሲደርቅ ድንጋይ የሚሆን ፈሳሽ ፕላስቲክ፣ የሚፈስሰው። ጭቃው ሲወጣ ይፈራርሳል፣ ሁለተኛ አይገኝም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በዚያ በጎማው ላይ ነው።

በእኛ ሙያ ደግሞ የመጀመሪያውን ጎማ የሚያፈሰው ቀራጩ ራሱ ነው፤ ብቻውን፣ በር ዘግቶ። ሚስትም ብትሆን አትገባም። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የቀድሞዎቹ እንደዚያ ያደርጉ ነበር፣ እኛም እናደርጋለን። እስኪከፈት ድረስም ስለ ሥራው አይወራም። ቶኩጂ በሩን ሲዘጋ እኔና ናትሱዮ ወጥ ቤት ተቀምጠን መንደሪን እየላጥን የጎረቤታችንን ሠርግ ስናማ ነበር።

ዕድሜ ልኩን የተጠቀመበት ጎማ መመረቱ ቀርቷል። ሱቁ በምትኩ ሌላ ላከለት፤ ያው ነጭ ጣሳ፣ ያው ሰማያዊ ክዳን። አዲሱ ጎማ ድኝ አይወድም። የቶኩጂ ጭቃ ደግሞ ድኝ አለበት፤ የጥፍር ጫፍ የሚያህል መስመር የሚይዝለት እሱ ስለሆነ ሌላ ጭቃ ነክቶ አያውቅም። ሁለቱ ከተገናኙ ጎማው አይደርቅም። ይህን ሙያው ውስጥ የማያውቅ የለም። ቶኩጂም ያውቃል፤ ስንቱን ጀማሪ "መጀመሪያ ትንሽ ጠብ አድርገህ ሞክር" እያለ መክሯል። ግን ጣሳውን በእጁ ዳሰሰው፣ ክዳኑን አየ፣ የድሮው መሰለው። የጣሳው ጽሑፍ ለእሱ ዓይን ፊደል በፊደል የሚለቀም ጉንዳን ነው። ከግድግዳው ወዲህ ሁለት ዓይናማ ሴቶች ተቀምጠናል! "ናትሱዮ፣ እስቲ ይቺን አንብቢልኝ" ቢል በቃ ነበር። በሩ ግን በወጉ ተዘግቷል፤ እሱም ያን ቀን እንደ ድሮው፣ እንደ ጤነኛ ቀራጭ፣ ብቻውን መሆን አማረው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

በማግሥቱ ከሰዓት ናትሱዮ ደወለችልኝ። "ነይ" ብቻ ብላ ዘጋችው። እየሮጥኩ ሄድኩ።

ቶኩጂ ወለል ላይ ተቀምጧል። ሁለት እጁ እስከ አንጓው በሚዝለገለግ ነጭ ነገር ተነክሯል። ጎማው ከውጭ ደርቋል፣ ጭቃውን የነካው በኩል ግን እንደ ማር ቀርቷል። እያንዳንዷ ቅርፊት ውስጥ ገብቶ ተጣብቋል፤ በጨርቅ ሲጠርገው ቅርፊቱም አብሮ ይነሳል።

"አትንካው! በናትህ አትንካው!" ትላለች ናትሱዮ።

"ፊቱን ብቻ ላውጣው። ፊቱን ብቻ።"

ቀረብ ብዬ አየሁ። ፊት የለም። ያቺ ዓይን የነበረችበት ቦታ የአውራ ጣቱ ምልክት ብቻ ቀርቷል። እሱ ግን ይህን አያይም፤ መጥረጉን ቀጥሏል። እጁን ያዝኩት።

"የለም፣ ወንድም ጋሼ። ተወው።"

ቆም አለና ወደ እህቴ ዞረ። "እስቲ ጣሳውን አንሺና አንብቢልኝ።"

አነሳችው። "'ድኝ ባለበት ጭቃ ላይ እንዳይፈስስ' ይላል።"

"በትንሹ ነው የተጻፈው?"

"በትልቁ ነው" አለችው፤ መዋሸት ትችል ነበር፣ ግን ጊዜም አላገኘች። "በቀይ።"

"አሃ" አለ።

ያኔ እኔ ቆሽቴ አረረ። "ምነው ብትጠራን! ሚስትህ እዚህ፣ እኔ እዚህ፣ ቁጭ ብለን ሰው ስናማ! ምን ነበረበት? ኩራት ነው? እንካ ኩራትህን! ይኸው እጅህ ላይ ነው፣ ጥረገው!" ናትሱዮ በክርኗ ጎሰመችኝ። እሱ ግን "ተያት፣ እውነቷን ነው" አለና እጁን ዘረጋላት። በዘይት እያሸች አጠበችለት።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይተወዋል። እሱ ብዙም ሳይቆይ አዲስ ጭቃ አነሳ። ያ የገለባ ቀዳዳ ግን አልጠበቀውም። የዝናቡ ወር ሲገባ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር የሚያየው አልነበረም። በጣቱ ነው የሚሠራው። ገላውን ጣቱ ያውቀዋል፣ እሱ ወጣለት፤ ፊቱ ግን እምቢ አለ። የቀንድ አውሬ ፊት ግራና ቀኙ ካልተነጋገረ አይሆንም፤ ጣት ደግሞ አንዱን ሲይዝ ሌላውን ይረሳል። "አንተ ንገረኝ፣ እኔ እጄን ላውስህ" ስለው "ያኔ ያንቺ ከብት ይሆናል" አለኝ።

በየቀኑ እየጠራ ይጠይቀኛል። እኔም እንደ ልማዴ እውነቱን እናገራለሁ።

"የግራው ቀንድ ወርዷል።"

ያነሳዋል።

"አሁን ደግሞ ቀኙ ወረደ።"

እሱንም ያነሳዋል።

"ዓይኑ ወደ ላይ ሸሸ። የተገረመ አስመሰልከው።"

ባረመው ቁጥር ይባስ ይበላሻል። ጭቃው በመነካካት ብዛት ደከመ። አንድ ቀን ናትሱዮ ክንዴን ይዛ ጓሮ አወጣችኝ።

"ሺማ፣ በቃ በይው። አምሯል በይው።"

"አላማረማ!"

"እንዳላማረማ አውቃለሁ፣ እኔም ዓይን አለኝ። ሰውዬው ሊሞትብኝ ነው። እህል ትቷል፣ እንቅልፍ ትቷል። አንቺ አምሯል ካልሽው ያምናል።"

"ስለሚያምነኝ ነው የማልለው፣ እታለም።"

"ድንጋይ!" አለችኝና ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። እኔም አለቀስኩ፤ ድንጋይም ያለቅሳል። ተመልሰን ስንገባ ቶኩጂ ጭቃውን ትቶ እጁን እየጠራረገ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ሁሉንም ሰምቷል።

"ከእንግዲህ አልጠይቅሽም" አለኝ፣ ድምፁን ሳይለውጥ። "ለእህትሽ ስትይ አንድ ቀን መዋሸትሽ አይቀርም። ይሄው ይበቃል፣ ለገበያው እናድርሰው። ሰብሳቢዎቹ ይነግሩኛል። እነሱ እንኳን ለእኔ ለአባታቸውም አይዋሹ። መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው ይሉኛል፣ እኔም እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። ደህና ከሆነ ደግሞ..." አልጨረሰውም። እኔ ግን ገባኝ። ደህና ነው ካሉት ዓይኑ ቢጠፋም ጣቱ አልጠፋም ማለት ነው፤ ነገም ጠዋት የሚነሳበት ጉዳይ አለው ማለት ነው። ሕይወቱ በዚያች በአንዷ ፍርድ ላይ ተንጠለጠለች።

በዚህኛው ጊዜ በሩ አልተዘጋም። ጣሳውን ናትሱዮ ቃል በቃል አነበበችለት፣ ጎማውም ደረቀ፣ ፎርማውም ወጣ። ናሙናውን እኔ ቀባሁት። ከቀንዱ ሥር ጥላ አበዛሁ፣ የጉንጩን ቆዳ አጠቆርኩ፤ ቀለም የሚሸፍነውን ያህል ሸፈንኩ። የቀረውን ምን ላድርገው? ፊቱ አስቀያሚ እንኳ አልነበረም። ባዶ ነበር። የሚታገለው ሊነሳ ይሁን ሊተኛ አይታወቅም፤ ያየው ሰው ልቡ አይንጠለጠልም።

የሞዴል ገበያው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ቶኪዮ አጠገብ ባለ ትልቅ አዳራሽ፣ በሐምሌ ሙቀት። ወሬ ክንፍ አለው፤ የቶኩጂ ዓይን መጥፋት ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። በሩ ሲከፈት ሰዉ ወደ ሌሎች ጠረጴዛዎች ሳይል በቀጥታ ወደ እኛ መጣ። "ሰልፉን ብታየው!" አለችው ናትሱዮ ጆሮው ሥር። "እስከ መግቢያው ድረስ ነው! ዞሮ ተመልሷል!" እሱ ደህናውን ኮቱን ለብሶ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። እንደ ተማሪ ፈርቶ ነበር።

የመጀመሪያው ገዢ መነጽር ያደረገ ሽበታም ነበር። ዓይኑ ናሙናው ላይ አንዴ አረፈና እንደተቃጠለ ሰው ወዲያው ተነሳ። ወደ ቶኩጂ ዞሮ እጅ ነሳ። "መምህር፣ ስለዚህ ሁሉ ዓመት እጅግ አመሰግናለሁ" አለ። ሳጥኑን በሁለት እጁ ተቀብሎ ደረቱ ላይ አቅፎ ሄደ። ቀጥላ የመጣችውም እንደዚያው። ቀጥሎ የመጣውም። አንዱማ የቶኩጂን እጅ ይዞ መልቀቅ አቃተው። ናትሱዮ ገንዘብ እየተቀበለች፣ እያለቀሰች፣ እየሳቀች። እኔ ሳጥን አቀብላለሁ። ገና ረፋድ ላይ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ብልክ ሳጥን የለም።

"አለቀ!" አለች ናትሱዮ። "ሁሉም አለቀ! እንዲህ ሆኖ ያውቃል? በል እንጂ ተደሰት!"

እሱ ግን ወደ እኔ ዞረ። "ሺማ" አለ።

"አቤት።"

"ስንቱ ሰው ክዳን ከፈተ?"

እናንተ የዚህን ገበያ ጠባይ ስለማታውቁ ልንገራችሁ። ገዢ ሳጥኑን ሲቀበል እዚያው ፊትህ ነው ክዳኑን የሚከፍተው። ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ያወጣል፣ ቀንዱን ወደ መብራቱ ያነሳል፣ የአየር አረፋ የበሳው እንደሆነ ይፈልጋል፣ ያጉረመርማል፣ "ይሄ አይሆንም፣ ቀይሩልኝ" ይላል። ነውር አይደለም። ሥራህን ከቁም ነገር ቆጠረው ማለት ነው። ክዳን ሳይከፈት የሚወሰድ ሳጥን ቢኖር ለሕፃን የልደት ስጦታ የሚሆን ነው።

ናትሱዮ ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች፤ ልመናዋን ከፊቷ አነበብኩት።

"ሺማ፣ አንቺን ነው የምጠይቀው።"

"ማንም አልከፈተም፣ ወንድም ጋሼ።"

"እኔም አልሰማሁም። ጆሮዬ ደህና ነው።" እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። "አረፋ አለው ያለ የለም። ቀንዱ ጠመመ ያለ የለም። ጣት የቆጠረ የለም። የመጣው ለቀስተኛ ነው፣ ሺማ። ገዢ አልመጣም።"

"ምን ማለትህ ነው አንተ!" አለች ናትሱዮ። "ሰው ወዶህ፣ አክብሮህ ነው የመጣው!"

"አዎ፣ ወደውኛል" አላት።

ሰልፉ ግን አልተበተነም። ሳጥኑ ማለቁን የሰሙትም እጅ ሊነሱት ቆመዋል። አንዲት ወጣት ሴት ተራዋ ደርሶ ፊቱ ስትቆም እሱ ቀደማት።

"ናሙናውን አየሽው ልጄ?"

"አየሁት መምህር።"

"ፊቱ እንዴት ነው?"

"በጣም... በጣም ያምራል" አለችና ድምጿ ተሰበረ። ናሙናው ከእሷ በስተቀኝ ነበር፤ እሷ ግን እሱን ነበር የምታየው፤ የጠፋውን ዓይኑን።

"አመሰግናለሁ" አላት።

ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳ። ኮቱን ቆለፈ። ቤተሰብ የሞተበት ሰው በቀብር ቀን ደጅ ቆሞ እንደሚያደርገው፣ ለእያንዳንዱ ሰው ጎንበስ እያለ "ስለመጡ አመሰግናለሁ፣ ስለመጡ አመሰግናለሁ" ይል ጀመር። እነሱም ጎንበስ ብለው እጅ እየነሱ ያልፋሉ። እኔ ከጎኑ ቆሜ አንድ ሰው፣ አንድ ምሕረት የሌለው ሰው ብቻ፣ ያን ከብት ዝቅ ብሎ አይቶ "ቀንዱ ጠሟል" እንዲል ስጸልይ ዋልኩ። አዳራሹ እስኪዘጋ ድረስ አልመጣም።